እኔው ባረቀቅሁት ደንብ ሊወሰዱ ስለተፈረደባቸው አምስት ዶሮዎቼ

ለተከበሩ የከተማችን ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ በባለጉዳይ ወንበር ላይ ተራ ሳይጠብቅ ቀጥታ ገብቶ የሚያገኝዎ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለምክትልዎ፣ እንዲሁም ከእኔ ዘመን ጀምሮ ሲያቃስት ለኖረው የቢሮዎ የጣሪያ ማራገቢያ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ ከወገቤና ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስሜ ግሬሻም ካምባላሜ ይባላል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያው ምክር ቤት በደንብ አርቃቂነት ሃያ ስምንት ዓመት አገልግያለሁ። ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል፤ ሥራዬን ግን በየአጥሩ ተለጥፎ አንብበውታል። «ሣር ላይ መቀመጥ፣ መተኛት፣ ወይም ለመተኛት መዘጋጀት ክልክል ነው» የሚለው የመናፈሻው ሰሌዳ የእኔ ነው። «ለመተኛት መዘጋጀት» የምትለዋን ለማግኘት ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን እንደፈጀብኝና በእሷም ለረጅም ጊዜ ስኮራ እንደኖርሁ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ያበቃኝ ባለፈው ማክሰኞ በተቆጣጣሪዋ በወይዘሪት ቲያንጃኔ እጅ የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ ነው። በጓሮዬ የሚገኙትን አምስት ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራ እስከ መጪው ዓርብ ካላስወገድሁ ምክር ቤቱ ራሱ መጥቶ እንደሚወስዳቸው በትሕትና ያስታውቃል። ማስጠንቀቂያውን ቆሜ ማንበብ ጀምሬ ተቀምጬ ነው የቀጠልሁት፤ ለካ የማነበው የገዛ ጽሑፌን ኖሯል። «ዶሮ ማለት በላባ የተሸፈነ፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ ያለ ማቋረጥ ድምፅ የሚያሰማና ከጎረቤት ሰላም ጋር የማይስማማ ማናቸውም እንስሳ ነው» የሚለውን ትርጓሜ ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ረቂቁን አንብባ ከላባው በስተቀር ሁሉም አንተን ይመስላል ብላኝ ነበር። «በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን በሕይወት ማቆየት ክልክል ነው» የሚለውም የእኔ ነው። «ለአንድ ሰዓትም ቢሆን» ብዬ ስጨርስ ብዕሬን አስቀምጬ እጆቼን እንዳፋተግሁ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ምስጋናዬን ላስቀድም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጽሑፌ ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ስላልነካችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የሰፈራችንን መንገድ፣ የውኃ ቧንቧውንና የመብራት ምሰሶውንም እንዲሁ ሳትነኩ እንዳቆያችኋቸው ሳይ ደግሞ አክብሮቱ ለእኔ ብቻ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። ወደ ቅሬታዎቼ እንድሻገር ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ። ወይዘሪት ቲያንጃኔ እጅግ ጨዋ ሠራተኛ ናት፤ በእኔ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው አንቀጥርም ነበር። ዶሮዎቹን በየስማቸው መመዝገብ እንዳለባት ነገረችኝና እኔም ሳላፍር ነገርኋት። ጡረታ የወጣ ጸሐፊ ሌላ ስም ከየት ያመጣል? ጤና፣ ሕግ፣ ፕላንና ልማት፣ መናፈሻና መቃብር፣ ጠቅላላ አገልግሎት ብያቸዋለሁ። አውራው ሊቀመንበር ነው።

«ባምቦ፣ ይቺ ጠቆር ያለችው የትኛዋ ናት?» አለችኝ፣ እንደ አባቷ ባምቦ ብላ።

«ፕላንና ልማት ናት፣ ልጄ።»

«እንቁላል ትጥላለች?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ትንጫጫለች፤ ከዚያ ሄዳ የጠቅላላ አገልግሎት እንቁላል ላይ ትቀመጣለች።»

ተቆጣጣሪዋ ቀና ሳትል እየጻፈች «እኛም ጋ እንደዚያው ናት» አለች። ቅሬታዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ ይህቺን ልጅ እድገት ሳትሰጧት ዶሮ እያስቆጠራችኋት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ማስጠንቀቂያው ግርጌ ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን የሚመለከት ነው። ጥቃቅን ፊደል ማንም እንዳያነበው የሚጻፍ መሆኑን ለብዙ ወጣት ጸሐፊዎች ያስተማርሁ ሰው በመሆኔ እኔም አላነበብሁትም። እንዳላነበው ያደረገኝ ግን ሌላም ነገር ነበረ፤ ማን እንደከሰሰኝ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ እንደ እናቱ አማይ ኤስናት ይላቸዋል። በመሐላችን ያለው የቁጥቋጦ አጥር ከደረቴ አይበልጥም። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት አራት ዶሮና አንድ አውራ ነበራቸው፤ አውራውም እኔ የቤት ሥራ ይዤ በመጣሁ ቁጥር ከመስኮቴ ሥር ቆሞ ይጮህ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ ይነግራቸው ነበር። እኔ ለመላው ከተማ ደንብ አረቀቅሁ። ደንቡ በጸደቀ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ቀን፣ ሁለት የምክር ቤቱ ጥበቃዎች ማዳበሪያ ይዘው ሄደው ዶሮዎቹን አመጡ። እኔ አብሬ አልሄድሁም፤ ስብሰባ ነበረብኝ። ስብሰባ እንኳ አልነበረብኝም።

እናም ባለፈው ማክሰኞ ማስጠንቀቂያውን እያርገበገብሁ ወደ አጥሩ ሄድሁ። አማይ ኤስናት የዱባ ቅጠል እየቀነጠሱ ነበር።

«አማይ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቀው ብድርዎን መለሱ። ይሁን፣ የእጄን ነው ያገኘሁት!» አልኋቸው።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?»

«ራስዎ ከሰውኝ ምንድን ነው ይላሉ?»

«እኔ ልከስዎት? ምን ቆርጦኝ! ለመሆኑ አንብበው ጨርሰውታል?»

«እኔው የጻፍኩትን ምን ብዬ አነበዋለሁ?»

«እስቲ ወዲህ ይበሉት» አሉና ወረቀቱን ክንዳቸውን ዘርግተው ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። «'መነሻ፦ አቶ ግሬሻም ካምባላሜ በመጋቢት ወር የጻፉት አቤቱታ' ይላል። ኧረ በሞቴ! ባምቦ፣ ራስዎን ከሰው ነው እኔ ላይ የሚጮሁት?»

እውነታቸውን ነበር። የቆሻሻ መኪናው ለአምስት ሳምንት ስለቀረብን በመጋቢት አራት ገጽ አቤቱታ ጽፌ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ የተከመረው ቆሻሻ «የአምስቱን ዶሮዎቼንና የአውራዬን ጤንነት ክፉኛ እያወከ» መሆኑን ከነላባቸው ቀለም አብራርቻለሁ። መኪናው እስከ ዛሬ አልመጣም። ተቆጣጣሪዋ ግን በዘጠነኛው ቀን መጣች። በእኔ ዘመን ከአቤቱታ የመጀመሪያ ገጽ አልፎ ያነበበ የምክር ቤት ሰው አላጋጠመኝምና ለዚህ ትጋታችሁ ምን ቃል እንደምጠቀም አላውቅም።

አማይ ኤስናት አጥሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሌላ ማድረግ ባይቻለኝ አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያ የእሳቸው ሳቅ ቆመ።

«ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም» አሉ። «ዶሮዎቼ ሐሙስ ሄዱ። የባሌ ወንድሞች ቅዳሜ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ባሌ ከተቀበረ ገና ሦስት ወሩ ነው። ምን ታቅፌ ልውጣ? ከገበያ ልግዛ ስል ጥበቃዎቹ 'ለአንድ ሰዓትም ቢሆን' የሚለውን ወረቀት በሬ ላይ ለጥፈውልኛል። ፈራሁ። የንሲማ ገንፎ በደረቅ ዓሣ አቀረብኩላቸው። ታላቅዬው፣ ባምቦ ኬናኒ፣ እጃቸውን ታጥበው ሳህኑን ገልጠው አዩና፣ 'ወንድማችን ሲሞት ለካ እኛንም አብራ ቀብራናለች' ብለው ተነሡ። አንድ ጉርሻ አልቀመሱም። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጡም። ሁለት ልጅ ስድር እንኳ አልመጡም፣ ባምቦ።»

እርስዎም የእናት ልጅ ነዎትና ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግርዎትም። የቤት እመቤት ዶሮዋን በሕይወት ሳለች ታቅፋ ወጥታ «ወጣችሁ ይቺ ናት» ስትል ያልሰማ እንግዳ፣ ምንም ቢቀርብለት፣ እንኳን ደህና መጣህ እንዳልተባለ ያውቀዋል። የታረደ ሥጋ ከሱቅ አምጥቶ ይህን ማድረግ አይቻልም።

አሁን የማፍርበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ዘመዶቿ የራቋት ሴት ፊት ቆሜ፣ ጥፋቱም የእኔ ሆኖ፣ ከአፌ የወጣው «ጉዳዩን አጣርቼ አሳውቅዎታለሁ» የሚል ነበር።

አማይ ኤስናት ወደ ቅጠላቸው እየተመለሱ «እሺ። በስንት የሥራ ቀን ውስጥ?» አሉኝ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ የባላቸው ወንድሞች እስካሉበት እስከ ሙላንጄ ሄድሁ። ባምቦ ኬናኒ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሠራሁትን በቃል መናገር ቢያቅተኝ ደንቡን ከኪሴ አውጥቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁላቸው፤ ከዚያም ዶሮዎቹን ያስወሰድሁት እኔ እንደሆንሁና የወንድማቸው ሚስት ደጃፍ ላይ ይኸው ወረቀት ተለጥፎ እንደነበር ነገርኋቸው።

«ያችን ቦታ እስቲ ድገማት» አሉኝ።

«ለአንድ ሰዓትም ቢሆን» ብዬ አነበብሁ።

«ይህን የጻፈው ሰው እናት አለችው?»

«ነበረችኝ» አልሁ።

አዝነውልኝ ይሁን ወይም ሰልችቻቸው፣ አላውቅም፤ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር እሑድ ወደ አማይ ኤስናት ቤት እንደሚመጡ ነገሩኝ። ሸኝተውኝ ሲመለሱ «ምን ታቅፋ እንደምትወጣ አያለሁ» አሉ። ለአማይ ኤስናት መልእክቱን ሳደርስ ወንበር ፈልገው ተቀመጡና በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ወዲህ ግቢያቸውን በቀን ሦስት ጊዜ ሲጠርጉ አያለሁ።

ክቡርነትዎ እንግዲህ ችግሩን ሳያዩት አይቀሩም። የእናንተ ቀን ዓርብ ነው፤ የእንግዶቹ ቀን እሑድ ነው። ቅዳሜ ከገበያ አንዲት ዶሮ ገዝተን ብናስገባ እንኳ በዚያው አንቀጽ ሕገ ወጥ ትሆናለች፤ ቀዳዳውን ሁሉ አጥብቄ የደፈንሁት እኔ ነኝ። ጭራሽ ይባስ ብሎ፣ ደንቡ ሲረቀቅ አንድ አዛውንት የምክር ቤት አባል «ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለእንግዳ መቀበያ የሚሆን ዶሮ ሲቀር» የሚል ሐረግ እንዲገባ ለምነው ነበር። በቀይ ብዕር ሰርዤ ዳር ላይ «ለብልሹ አሠራር በር ይከፍታል» ብዬ ጻፍሁበት። መዝገቡን ቢያወጡት የእጅ ጽሑፌን ያገኙታል፤ በጣም ያምራል።

ሦስተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ልመና ነው ያለኝ። ምሕረት አልጠየቅሁም። ደንቡ ይሻር አላልሁም፤ ቢሻር ደስ ቢለኝም፣ ምክር ቤቱ አንድ ነገር ለመሻር ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የምለምንዎ ከዓርብ እስከ ሰኞ ያሉትን ሦስት ቀናት ብቻ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠቅላላ አገልግሎት፣ ከሁሉም የምወዳት ዶሮዬ፣ በአማይ ኤስናት እጅ ታቅፋ ትወጣለች። ሰኞ ጠዋት የቀሩትን አምስቱን፣ ሊቀመንበሩን ጨምሮ፣ እግራቸውን አስሬ በራሴ እጅ ቢሮዎ ድረስ አመጣቸዋለሁ። እወዳቸዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከእነሱ በቀር የማወራው ሰው የለኝም፤ ቢሆንም አመጣቸዋለሁ።

ይህ የማይቻል ከሆነ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሁለት ጥበቃና ማዳበሪያ አይላኩ። እባክዎ ራስዎ ይምጡ፤ ዓርብም ሳይሆን እሑድ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው በተቀመጡበት ሰዓት ይምጡና፣ አማይ ኤስናት ባዶ እጃቸውን የወጡበትን ምክንያት ራስዎ በአንደበትዎ ያስረዱልን። እኔ ያኔ መምጣት ነበረብኝ፤ አልመጣሁም። የሚናገሩት ዓረፍተ ነገር ከጠፋዎት በደስታ አረቅቅልዎታለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣ በጥልቅ ትሕትናና እርስዎም አንድ ቀን ጡረታ እንደሚወጡ በማስታወስ ጭምር፣

የቀድሞው ደንብ አርቃቂ፣ የአሁኑ ደንብ ተላላፊ፣
ግሬሻም ካምባላሜ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ለአማይ ኤስናት በአጥሩ ላይ አቀበልኋቸው። ስለ ምክር ቤቱ የጻፍሁትን አንዱንም አልነኩም፤ እንዲያውም ስለ መንገዱ ትንሽ ብጨምር ደስ ይላቸው ነበር። ከመጨረሻው ገጽ ላይ ግን እሳቸውን ይቅርታ የጠየቅሁባትን አንቀጽ አውጥተው «ይቺ የምክር ቤቱ ጉዳይ አይደለችም፤ ፊት ለፊት ይንገሩኝ» ብለው መለሱልኝ። ስለዚህ ያቺ አንቀጽ እዚህ የለችም። ሁለት ክንድ በማይሞላ አጥር ማዶ ላለች ሴት አንድ ቃል ለመናገር ሃያ ሦስት ዓመት ፈርቼ፣ አሁን ደግሞ ለመላው ከተማ እየጻፍሁ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አማይ ኤስናት አሁንም አጥሩ ጋ ቆመው እየጠበቁኝ ነው፤ ብዕሬን እዚህ አስቀምጬ ልሂድ።