የአባትህ ስንዴና የእኔ እጅ

ውዴ ሁሴን፣ የሃዊ አባት፣

አፈሩን ገለባ ያድርግልህ። ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤት ውስጥ የምናወራው ኦሮምኛ ቢሆንም ደብዳቤ የተጻጻፍነው ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር፤ አንተ አሰላ እኔ በቆጂ ሆነን፣ መጻፍ ያስተማሩን በእሱ ስለነበር። ዛሬም በለመድነው ልጻፍልህ።

ሰላምታዬን ሳላስረዝም እውነቱን ልንገርህ፤ የምጽፍልህ ፈርቼ ነው። ትስቅ ይሆናል። አሳንሰር የምትፈራ፣ ሀይዌይ የምትፈራ፣ የጎረቤት ድመት ሳይቀር የምትፈራ ሴት አገባሁ እያልክ ለሰው ሁሉ ስታወራብኝ ኖረሃል። ያኔ የምፈራው የሚታይ ነገር ነበር። አሁን የምፈራው አየር ነው፤ ከአየሩም ይልቅ የገዛ እጄን።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሃዊ ያንን አንተ «ዝምተኛ ነው፣ ይበቃል» ያልከውን ልጅ አግብታ ቡርንስቪል ገብታለች። ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰባት ወሯ ነው፤ ሕፃኗ ሴት ናት ብለዋታል፤ ስሟን በእናትህ ስም ፋጡማ ልትላት አስባለች። እኔ ዌስት ሴንት ፖል ያው ቤታችን ውስጥ ነኝ። ወንበርህን ከመስኮቱ አላነሳሁትም። ሀይዌይ መንዳትም ጀምሬአለሁ፤ ወደ ሃዊም ወደ መቃብርህም የሚወስደው መንገድ አንድ ስለሆነ ምርጫ አልነበረኝም። ከቀኝ መስመር ንቅንቅ ሳልል፣ ከኋላዬ ጡሩምባ እየተነፋብኝ እደርሳለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ሮበርት ስትሪት ያለው ሱቅ ውስጥ፣ ሀገር ቤት የታሰሩት እየተፈቱ ነው ብሎ ሰው ሁሉ ሲተቃቀፍ አየሁ። አንተ ብትኖር ከደስታው በኋላ የምትጠይቀው ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ነበር። የአሰላውን የእርሻ ልማት ጣቢያ ከተውክ ሃያ ዓመት ቢያልፍህም፣ ፕሊማውዝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስትደረድር ብትውልም፣ ሐሳብህ ከማሳ ወጥቶ አያውቅም።

ሥራ ቀይሬአለሁ። የጽዳት ኩባንያው ሴንት ፖል ያለ አንድ የእርሻ ምርምር ቦታ ላከኝ። ወለል እየጠረግሁ የተክሎቹን ደረቅ ቅጠል ስለቅምላቸው አዩኝና፣ ውሃ የምታጠጣና ባልዲ የምታጥብ ሰው እንፈልጋለን ብለው እዚያው ቀጠሩኝ። ያንተ ሚስት መሆኔን መቼ አወቁ!

እዚያ የመስታወት በር ያላቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። በአንዱ በር ላይ «ዛሬ»፣ በሌላው ላይ «ነገ» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ዛሬ ውስጥ ያለው አሁን የምንተነፍሰው አየር ነው። ነገ ውስጥ ግን ከመኪናና ከፋብሪካ ጭስ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቱቦ ተጨምሮበታል፤ የዓለም አየር እንደ አያያዙ ከቀጠለ የሃዊ ልጅ እኔን ስታክል የምትተነፍሰውን ያህል። በሁለቱም ክፍል ስንዴ በባልዲ ተተክሏል። ብርሃኑ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ማዳበሪያው አንድ ነው፤ የሚለየው አየሩ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቀን ነገ ውስጥ ስገባ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ማይ ሳቀችብኝ። ማይ ክፍሎቹን የምትመራው የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ ሞንግ ከሚባሉት የእስያ ሰዎች ወገን ናት፣ አያቷ ከላኦስ መጥታ እዚሁ ጎመንና ቃሪያ እያመረተች የምትሸጥ። አየሩ ሰው አይጎዳም አለችኝ። አሸተትኩት፣ ምንም አይሸትም። ቢሸት ኖሮ ይህን ያህል ባልፈራሁት ነበር።

ስንዴውን ብታየው እልል ትል ነበር። የነገው ከዛሬው ይበልጣል፤ አገዳው ወፍራም፣ ዛላው ረጅም። ለተክል ይህ አየር ምግቡ ነው፣ ይጠግባል። ታዲያ ምኑ ያስፈራል ብዬ ማይን ጠየቅኋት። ስንመዝነው ይበዛል፣ ውስጡን ስንለካው ግን ይጎድላል አለችኝ። ስታርቹ ይሞላል፤ ፕሮቲኑ፣ ብረቱ፣ ዚንኩ ይሳሳል። ሰው ሆዱን ሞልቶ የሚራብበት እህል ማለት ነው። ያን ቀን አንተን አሰብኩህ። በየዓመቱ መኸር አንሶላ ዘርግተህ ዛላውን በአውራ ጣትህ እያሸህ፣ ትልቁን ምረጪ፣ ትልቁን ለዘር አስቀምጪ ስትለኝ ኖረሃል። ትልቅ ሁሉ ሙሉ አለመሆኑን ሳንሰማ ሄድክ።

የአባትህ ጥቁር ስንዴ እንዴት እዚህ ነገር ውስጥ እንደገባ ልንገርህ። ከአሰላ ይዘኸው የመጣኸው፣ ከሕንፃችን ጀርባ በየጸደዩ አንድ መስመር የምትዘራው። ትዝ ይልሃል፣ ሣር የሚያጭደው ሰውዬ ልክ እሸት ሲሆን ሣር መስሎት በማሽኑ ጠራርጎ የወሰደው ጊዜ? እንደ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጥክ። በዓመቱ ዙሪያውን በገመድ አጥረህ፣ ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ «ይህ ሣር አይደለም» ብለህ ጻፍክበት። በመጨረሻው መኸር የመረጥከው ዘር፣ አንተው እንዳስቀመጥከው ሱፍ ካልሲህ ውስጥ ነበር። እኔ ልዘራው አልደፈርኩም። ለማይ አወራኋት፣ ዓይኗ በራ፤ የድሮ ዘር ነገ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ግማሹን ሰጠኋት። በሁለቱም ክፍል ተዘራ፤ ውሃ የማጠጣውም እኔ ሆንኩ።

ዛላ እስኪያወጣ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ነገ ውስጥ ያለው ስንዴህ ቅጠሉ መገርጣት ጀመረ። ቁመቱ ከእኔ ትከሻ ደርሶ፣ ፊቱ የታመመ ሰው ፊት መሰለ። አንጀቴን በላው። የገረጣ ሰብል ዩሪያ ጠምቶት ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ማዳበሪያው የተበጠበጠበት በርሜል እዚያው በሩ አጠገብ ነው፣ ኩባያው ላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። የተፈቀደውን ልክ ሰጥቼ ልወጣ ስል ተመለስኩና አንድ አንድ ኩባያ ጨመርኩለት። ላንተ ስንዴ ብቻ፤ ለሌሎቹ አልሰጠሁም። ዘመድ ቤት የመጣ ሰው በልቼአለሁ ቢልም እንደሚያጎርሱት። በሳምንቱም ደገምኩ፣ ከዚያም ሠለስኩ። አረንጓዴው ተመለሰ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሙከራ መሆኑን አልረሳሁም ነበር፤ ግን ለአንድ ኩባያ ማን ይጣላል አልኩ።

ስንዴው ታጭዶ፣ ተፈጭቶ ተለካ። ማይ እየሮጠች ወደ እኔ መጣች። የሌሎቹ ዘሮች ፕሮቲን ነገ ውስጥ ቀንሷል፤ የባልሽ ግን አልቀነሰም ብላ አቀፈችኝ። ፕሮፌሰሩ ራሱ ከቢሮው ወርዶ ጨበጠኝ። ለትልቅ ስብሰባ እናቀርበዋለን፣ የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ዘር ነው አሉ። እኔ ጓንቴን እንዳጠለቅኩ ቆሜ እንባዬን በክንዴ እጠርጋለሁ። የደስታ እንባ መሰላቸው።

ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ሥራዬን ፈራሁ፣ መባረሬን ፈራሁ። ከሁሉም በላይ ግን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ማይ በእኔ ኩባያ ላይ ተስፋ ሠርታ፣ ሰው አምኗት፣ ያለ ኩባያ ሜዳ ላይ የሚበቅለው ስንዴ ባዶ ሆኖ ቢገኝስ? ያን ዳቦ የምትበላው ፋጡማ ናት። ገና ዓይኗን ሳትገልጥ አያቷ ዋሸቻት ማለት ነው።

ሃዊን ከሐኪም ስመልሳት መኪና ውስጥ አወጣሁላት። ሪፖርት ቢያደርጉኝስ፣ ኢንሹራንሴስ፣ አልኳት። ሆዷን ይዛ እያየችኝ «ማም፣ ጀስት ቴል ኸር»፣ በቃ ንገሪያት፣ አለችኝ። ቀላል አድርጋ! ከዚያ ቀስ ብላ በኦሮምኛ፣ አባባ ቢኖር ምን ይል ነበር ብላ ጠየቀችኝ። የምትለውን አውቀዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትል ነበር። ሃዊ ግን ለምን እንደዚያ እንደምፈራ አላወቀችም። እሱን የምነግረው ላንተ ብቻ ነው።

ሁሴኔ፣ ስትሮክ ከመታህ በኋላ ሐኪሙ በአፉ ምንም እንዳይገባ ብሎ ነበር። መዋጥ አይችልም፣ ወደ ሳንባው ይገባል አለኝ። በቱቦ ይመግቡህ ነበር። አንተ ግን በዓይንህ ትከተለኝ ነበር። ከንፈርህ ደርቆ ተሰንጥቋል። እኔ ሠላሳ ዓመት ያበላሁህ ሴት፣ ባዶ እጄን ተቀምጬ ሳይህ መቋቋም አቃተኝ። አጥሚት በፔርሙስ አምጥቼ ነበር። ነርሷ ስትወጣ ሁለት ማንኪያ ሰጠሁህ። አፍህን ከፈትክልኝ፤ የመጀመሪያው ወረደ መሰለኝ። በሁለተኛው ሳልክ፣ ፊትህ ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘህ፣ የሳንባ ምች ነው አሉኝ። እንዲህ ያለ ሕመም በምራቅም ይመጣል፣ የሚጠበቅ ነው አለኝ ሐኪሙ። በእኔ ማንኪያ መጥቶ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ለመጠየቅ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሄድክ። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ባነሳሁ ቁጥር አንተ አፍህን ስትከፍት ይታየኛል። ይቅር በለኝ። ረሃብህ አሳዘነኝ እንጂ ልጎዳህ አልነበረም፤ ግን እጄ ከልቤ አስተዋይ አልሆነም።

ወደ ስንዴው ልመለስ፤ ውጤቱን በሰማሁ በአሥረኛው ቀን ማይን በሩ ላይ ጠብቄ ነገርኳት። ስንት ኩባያ፣ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ባልዲ፣ አንድም አላስቀረሁም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከመቆጣቷ ይልቅ ማዘኗ ከፋኝ። ከዚያ አያቴም እንዲህ ታደርግ ነበር፣ ለሙከራ የምለካባት ቲማቲም ላይ ሁሉ ማታ ማታ ውሃ ትጨምርበት ነበር አለችኝ። ፕሮፌሰሩ አልሳቀም። ማስጠንቀቂያ ፈረምኩ፤ የስብሰባው ነገር ቀረ።

እንደገና መዘራት አለበት ተባለ። ደግሞም በክፍሎቹ ውስጥ ከበቀለው ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ዘር፤ የእኔ ኩባያ ካልነካው። ያ ያለው ካልሲህ ውስጥ ብቻ ነበር። ማይ አላስገደደችኝም፣ አስቢበት አለች። ቤት ገብቼ በወንበርህ ተቀምጬ አንሶላው ላይ ዘረገፍኩት። እነዚያ ፍሬዎች አውራ ጣትህ የነካቸው የመጨረሻ ነገሮች ናቸው። ሲያፈሩ ፍሬያቸውን ይፈጩታል፤ የሚቀር ዘር ቢኖር እንኳ አንተ የመረጥከው አይሆንም። አለቀስኩ፣ ሰደብኩህም፣ ብቻዬን ትተኸኝ ስለሄድክ። በማግስቱ አንዲት ፍሬ ሳላስቀር ወሰድኩላት። ካልሲው ባዶውን ትራሴ ስር ነው።

አሁን ስንዴህ ዛላ አውጥቷል። ውሃ የማጠጣው አሁንም እኔ ነኝ፤ ማይ ሌላ ሰው እንዳይገባ አለች። ታምነኝ ትሁን ወይ ትፈትነኝ አላወቅሁም። ባለፈው ሳምንት ነገ ክፍል ውስጥ የታችኛው ቅጠል መገርጣት ጀመረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። ውጤቱ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። የአባትህ ስንዴ እንደ ሌሎቹ ባዶ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ያ ከሆነ የፋጡማ ዳቦ ከምን እንደሚጋገር እንጃ። ያም ሆኖ እውነቱን ከአሁን ማወቅ ይሻላታል።

አንተን አልረሳህም። ይህን ለማለት ቃል መግባት አያስፈልገኝም፤ ከቀኝ መስመር ሳልወጣ በየሳምንቱ የምመጣው ማን ጋር ሆነና? ቃል የምገባልህ ሌላ ነው። ሁለቱን ማንኪያ አልረሳም፤ ለሃዊም እነግራታለሁ፣ ልጇን በሰላም ትገላገል ብቻ።

ጠዋት ጠዋት የታዘዘውን ልክ አጠጣና፣ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ስንዴህ ፊት እቆማለሁ። በርሜሉ አጠገቤ ነው። እንደራበው አውቃለሁ፣ ገርጥቶ ያየኛል። እንዳንተ እወደዋለሁ፤ አላጎርሰውም።

ፈሪዋ ሚስትህ
ዘይነባ