የራሳቸውን ስህተት ያጋለጡት «እትዬ ይደገም»

አክስታችን፣ ሙከራን ሁሉ «ይደገም» ስለሚሉ የቤተ ሙከራ ተማሪዎቻቸው «እትዬ ይደገም» የሚሏቸው፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። በ1970 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመርቀው በሕክምና ምርምር ተቋም ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. ከመሬት ቀያሹ ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀልሰው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ጥያቄ ነው፦ የተቅማጥ ባክቴሪያ የሚረጨው መርዝ የአንጀት ሴል ውስጥ ሲገባ፣ መልእክት የሚያቀብሉትን ፕሮቲኖች ያበዛቸዋል ወይስ ያሳንሳቸዋል? መስኮት በሌላት ክፍል፣ ማቀዝቀዣው እያጉረመረመባቸው ሲለኩ ኖሩ። በ1988 ዓ.ም. «ያበዛቸዋል» የሚል ጽሑፍ አሳተሙ። ተሸለሙ፤ ለክፍል ኃላፊነትም ታጩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። የመልእክተኛውን ፕሮቲን መጠን የሚለኩት፣ መርዙ አይነካውም ብለው ካመኑት ሌላ ፕሮቲን ጋር እያነጻጸሩ ነበር። ሲደግሙት፣ መርዙ የቀነሰው ያንኑ ማነጻጸሪያ ሆኖ አገኙት። እርሱ ስላነሰ የበዛ መሰለ እንጂ መልእክተኛው አልበዛም ነበር።

አንድ ባልደረባቸው «አንቺ ሴት፣ ማን አወቀብሽ? ዝም ብለሽ ሹመትሽን ተቀበዪ» ቢሏቸው፣ «እኔ ማወቄ አይበቃም?» አሉ። ስህተታቸውን ጽፈው ጽሑፉን በገዛ እጃቸው ከመጽሔቱ አስነሡት። ሹመቱ ቀረ፤ አንዳንድ ወዳጅም አብሮ ቀረ። ሥራውን ከሀ ጀምረው ስድስት ዓመት ደገሙት። መልሱ «አያበዛቸውም፣ አያሳንሳቸውም» ሆነ። ለዚህኛው የሸለማቸው የለም።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ያለፈውን ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ አልጋቸው ላይ እንዳሉ «ታሪኬ ሲጻፍ ስህተቴን እንዳትዘሉት፤ ከዘለላችሁት የምታነቡት የሌላ ሴት ታሪክ ነው» ብለው አዘዙን። ባለቤታቸው «ኧረ በቀብሯ ቀን እንኳ ይለፋት!» ብለው አጥብቀው ተሟገቱ። ቤተሰቡም ለሁለት ተከፈለ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ባለቤታቸው ትናንት ስህተቱ ያልተዘለለበትን የዚህን ታሪክ ረቂቅ ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «አንዲት ቃል የነካ ሰው ፊቴ እንዳይደርስ» አሉ። ዛሬ ይህን የሚያነቡላችሁም እርሳቸው ናቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።