ለሞተሩ የተቆረጠው ማኅደር

ይድረስ በእናት ምትክ ላሳደጉኝ ለታላቅ እኅቴ፤

እትዬ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። እኔ ታናሽዎ፣ ጠዋት በጸሎት ማታ በናፍቆት ሳስብዎ ከርሜአለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? እግርዎ በብርድ ጊዜ ማበጡን ተወልዎት? ዓይንዎስ ይህን ጽሑፍ ያለ መነጽር ይለያል? ፊደሉን ያጎላሁት ለዚሁ ብዬ ነው፤ አርጅቶ እጁ ተንቀጠቀጠ እንዳይሉኝ። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ። እርሱም ቢሆን የሚነሣብኝ ስሰግድ ነው እንጂ ወሬ ልሰማ ስሄድ አይደለም።

ነርሷ ልጄ ባለፈው ሳምንት ከደጅዎ መድረሷን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እንዴት እንደ ደረሰች ግን እንዳልነገረችዎ እርግጠኛ ነኝ። ይህች ልጅ የደም ግፊት ለክታ ቁጥሩን ከመናገር በቀር ለወሬ አንደበት የላትም። በዚህስ እናቷን አልመሰለችም። ነፍሷን በገነት ያኑርልንና፣ ባለቤቴ ብትሆን ኖሮ ከሞተሩ ሳትወርድ ነገሩን ሁሉ ትጨርስልዎ ነበር። ስለዚህ እኔ ከሥሩ ላጫውትዎ፤ ደብዳቤውንም ያችው ልጅ በመድኃኒት ቦርሳዋ ይዛልዎት ትመጣለች።

ሐኪሙ የተናገረው ቃል ቁርጥ ያለ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ሰው በየሁለት ሳምንቱ እየሄደ ግፊትዎን ካልለካ፣ መድኃኒትዎንም ካላስተካከለ፣ በዚያ ሸለቆ ብቻዎን መኖርዎ ማብቃት አለበት አለ። ልጄም ሁለት ጊዜ በሞተሯ ወደ እርስዎ ተነሥታ ሁለቱንም ጊዜ ከጫካው በታች በጉም ውስጥ መንገድ ስታ ተመለሰች። ያን ጊዜ፣ በሦስተኛውም ካልደረሰች ቤትዎን ዘግተው እኔ ዘንድ እንደሚገቡ ቃል ላኩብን። ቃልዎ እንደማይታጠፍ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ተገርፌበታለሁና።

እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ አለኝ። በስተምሥራቅ ያለውን ክፍል ኖራ አስቀባሁ፣ መስኮቱን አስጠገንሁ፣ አልጋም አሠራሁ። ልጄን ጠርቼ ባሳየኋት ጊዜ ግን አላመሰገነችኝም። አክስቷ ከቤቷ ከወጣች የሚገድላት ግፊቱ ሳይሆን የእኔ ምክር መሆኑን ነግራኝ፣ ሄልሜቷን ከአልጋው ላይ አንሥታ ወጣች።

ተመልሳ ስትመጣ መዳፍ የምታህል መሣሪያ ይዛ ነበር። ጂፒኤስ ይሏታል። ከሰማይ ምልክት እየተቀበለች፣ ሰው ያለበትን ቦታና የሚሄድበትን መንገድ በመስታወቷ ላይ የምታሳይ ናት። ይህችን በዚያ ጎማው ጥርስ ባወጣ የጭቃ ሞተር ላይ ለማስገጠም አሰበች። እኔ ተቃወምሁ ማለት አልችልም፤ ሥራው በሥርዓት እንዲሠራ ልቆጣጠር ተከትያት ሄድሁ እንጂ።

ከቤቴ በላይ ባለው መታጠፊያ፣ ሬዲዮም የሞተር ሽቦም የሚጠግን ሰው አለ። ሰፈሩ ሁሉ ፊውዝ ይለዋል። ቶሎ ስለሚቃጠል ነው፤ ነገር ግን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ይተካል። ክፍሉ ጠባብ ሆኖ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ወንበር አንድ ብቻ ናት፤ እርሷም ለሞተሩ ባለቤት እንጂ ለአማካሪ አይደለችም። ከበሩ ላይ ሲያየኝ፣ “የኔታም መጡ? እንግዲያው የዛሬው ሥራ በዜማ ነው” አለ።

በመጀመሪያ የመሣሪያዋን ማቀፊያ በሞተሩ መሪ ላይ በብሎን አሠረው። ሞተሩ ሲነሣ ግን ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች፤ ማቀፊያውም ቀስ በቀስ እየዞረ ፊቷን ወደ ነዳጅ ጋኑ መለሰባት። ላስቲክ ቢያስገባበት አዳለጠው፤ ብሎኑን ቢያጠብቀው ማቀፊያው ሊሰነጠቅ ደረሰ። ፊውዝ ተቃጠለ። ወፍራም ሆኖ ለስላሳ የሆነ ቆዳ ቢገኝ ብረቱን ነክሶ ይይዝለት እንደ ነበር፣ ግን እንዲህ ያለ ቆዳ ዛሬ ከየት እንደሚመጣ ለሬዲዮዎቹ ነገራቸው።

እኔ ቤት ሄጄ የጸሎት መጽሐፌን የቆዳ ማኅደር ይዤ መጣሁ። ባለቤቴ በእጇ የሰፋችውን መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ፤ ሲሰፋም ከጎኗ ሆነው “ክሩ ቀጠነ” ያሉት እርስዎ ነበሩ። ልጄ ማኅደሩን አይታ ሳቋን አቆመች።

“አባዬ፣ ይህን?”

ከክዳኑ ጫፍ እንጂ ከሆዱ እንደማንቆርጥ፣ መጽሐፉም ቅር እንደማይለው ነገርኋት። ፊውዝ መቀሱን በሱሪው ላይ ጠርጎ፣ የጣት ርዝመት ያህል ብቻ ቆረጠ። ቆዳውን ከብረቱና ከማቀፊያው መካከል ቢያስገባው፣ መሣሪያዋ ያለ ንቅናቄ ቀጥ አለች።

ኃይሉን በተመለከተ እንዲህ አደረገ። በቀጥታ ከባትሪው ቢያገናኛት ሞተሩ ቆሞም ስትጠጣ እንደምታድር አስረዳንና፣ ቁልፉ ሲከፈት ከሚበራው ከኋላ መብራቱ ሽቦ ቀጠለላት። የሞተሩ ኃይል ስለሚበዛባት የሚቀንስላት ትንሽ ዕቃ ከመቀመጫው ሥር ደበቀ፤ ጉዳት ቢመጣ ቀድሞ የሚቃጠልላት ፊውዝም አስገባ። ልጄ ይህችኛዋ ፊውዝ ሻይ ትጠጣ እንደሆነ ጠየቀችው። አልተቃጠለም፤ ሳቀ።

መሣሪያዋ ገና ስትበራ ግን ከእኔ ጋር ተጣላን። ሞተሩ የቆመው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ለጸሎት የምቆምበትን አቅጣጫ ተኝቼም አልስተውም። መሣሪያዋ ግን ቀስቷን ወደ ደቡብ ቀስራ ድርቅ አለች። ምሥራቅን የማታውቅ ዕቃ እኅቴን ልታገኝ እንደማትችል፣ ለሻጩም ትመለስ ዘንድ እንደሚገባ በረጅሙ ተናገርሁ። ፊውዝ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

“የኔታ፣ ይህች እኮ ቆማ አታውቅም። ካልሄደች ወዴት እንደዞረች አይገባትም። እስቲ ትንሽ ይግፏት።”

ሞተሩን ከልጄ ጋር ሆነን እስከ ጎረቤቱ በር ገፋነው። ቀስቷ እንደ ማመንታት አለችና ዞራ ወደ ምሥራቅ አመለከተች። መሣሪያዋን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ፊውዝን ግን አልጠየቅሁም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልጄ እንዳትነግርዎ ለምኛታለሁ፤ ሌላ ሰው ከሚነግርዎ ግን እኔው ልንገርዎ። ፊውዝ ሽቦውን ወደ መሪው ሲያወጣው፣ በመሪው አንገት በኩል እንደ ሐብል የተንጠለጠለ ትርፍ ትቶበት ነበር። እኔ ብራና እያሰመርሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የተንጠለጠለ ነገር ዓይኔን ይወጋኛል። ሻይ ሊያዝ በወጣ ጊዜ ሽቦውን ስቤ ወጠርሁት፤ በጥቁር ቴፕም ጠቅልዬ ብረቱ ላይ አጣበቅሁት። እንደ መስመር ቀጥ ሲል በሥራዬ ደስ አለኝ።

ልጄ ለሙከራ ወጣች። ቀጥታውን መንገድ እያጨበጨብንላት ሄደች። በመጀመሪያው መታጠፊያ መሪውን ስታዞር መሣሪያዋ ጠፋች። ተመልሳ ስትመጣ ፊውዝ ቴፑን ፈታ፤ ሽቦው ከሥሩ ተመዝዞ ወጥቷል።

“ማን ነው ይህን የወጠረው?”

ልጄ ጣሪያውን ተመለከተች፤ እኔም ከሬዲዮዎቹ አንዱን አደነቅሁ። እንደሚጮህ ስጠብቅ፣ እጄን ይዞ መሪው ላይ አኖረና ወደ ግራ አዞረው። “አዩ የኔታ፣ አንገቱ ሲዞር ሽቦውም አብሮት መዞር አለበት። እዚህ ጋ ላላ ካላሉለት፣ መታጠፊያ ጠብቆ ነው የሚበጠስብዎት።” ያን ጊዜ ያ ኖራ የተቀባው ክፍል ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም። ሻዩን እኔ ከፈልሁ።

የቀረው የእርስዎ ቤት ነበር። መሣሪያዋ መንገድ ታውቃለች እንጂ እርስዎን አታውቅም፤ ቤትዎንም በነጥብ ምልክት የሚያደርግላት ሰው ያስፈልጋል። ፊውዝ በኮምፒውተሩ ላይ ምድርን ከሰማይ የሚያሳይ ሥዕል ከፈተ። እትዬ፣ ኃጢአተኛ ሰው አገሩን ከመላእክት ወገን ሆኖ ሲያይ ይፈራል። ወንዙን በክንድ ቅርጽ ታጥፎ አገኘሁት፤ ጫካውን፣ ከጫካው በታችም ልጄን ሁለት ጊዜ ያሳታትን የሦስት መንገድ መገናኛ አየሁ። ትክክለኛው መካከለኛው ነው፤ ከላይ ሲታይ ሕፃንም አይስተውም። ከዚያ ሰማያዊው የውኃ በርሜልዎ፣ ቆርቆሮዎ፣ አጥርዎ። እንደ ልጅ በጣቴ እየነካሁ መስታወቱን አቆሸሽሁበት።

ከበሩ በስተግራ፣ ከድንጋዩ መደብ ላይ፣ ሁለት ነጫጭ ነጥቦች ነበሩ።

ልጄ በጎች ናቸው አለች። በጎች መደብ ላይ እንደማይቀመጡ ነገርኋት። ፊውዝ ደግሞ ሥዕሉ የዛሬ እንዳልሆነ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተነሣ መሆኑን አስረዳን፤ ወሩንም ከሥሩ አነበበልን። ባለቤቴ እርስዎ ዘንድ የሰነበተችበት ወር ነው፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ተመልሳ ሳትከርም አረፈች። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ከእርስዎ ጋር መደቡ ላይ እንደምትቀመጥ፣ እርስዎም ወሬዋን ሰምተው እንደማይጠግቡ ያን ጊዜ ጽፋልኝ ነበር። የትኛው ነጥብ የትኛችሁ እንደሆነ መለየት አይቻልም። እኔ ግን ወደ ሌላው ዘንበል ያለችዋ፣ የምታወራዋ፣ እርሷ ናት ብያለሁ።

ልጄ ትከሻዬን ያዘች። በመጨረሻ ፊውዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

“የኔታ፣ ምልክቱን የት ላድርገው? በሩ ላይ ነው መደቡ ላይ?”

“መደቡ ላይ” አልሁት።

ልጄ ከበሩ አልፋ፣ አበባዎን ደፍጥጣ፣ ሞተሩን መደቡ ሥር ያቆመችበት ምክንያት ይኸው ነው። ስለ አበባው መቆጣትዎን ሰምቻለሁ፤ ካሣውን በእኔ ላይ ይጻፉት።

በሄደችበት ቀን ጉሙ ከከተማው ጀምሮ ወርዶ ነበር። እኔ ጸሎቴን አድርሼ ወደ ፊውዝ ክፍል ሄድሁ። እርሱም የነርስ ጉዳይ አይመለከተኝም እያለ አንዱን ሬዲዮ ሲፈታ ሲገጥም ዋለ፤ ሬዲዮው ጤነኛ ነበር። ያችን አንዲት ወንበር ለእኔ ለቀቀልኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሞተሩ ድምፅ ከመታጠፊያው ተሰማ። ልጄ ከዓይኗ በቀር ጭቃ ለብሳ መጣች፤ ሄልሜቷን አውልቃ የተናገረችውም አንድ ነገር ብቻ ነው።

“መቶ ሠላሳ በሰማንያ።”

ፊውዝ ይህ ቁጥር ደግ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከአባቷ እንደሚሻል ነገረችው። እኔ፣ ክፍል አስቀብቼ እንግዳዬን ያጣሁት ሰው፣ ከሁለቱ ይልቅ ስቄ ዓይኔን ጠረግሁ። ሐኪሙም በማግሥቱ፣ ልጄ እንዲህ እየደረሰች እስከሆነ ድረስ እርስዎን ከቤትዎ የሚያስወጣዎ ነገር እንደሌለ ተናገረ። ቤትዎ ቤትዎ ነው፤ እሰይ።

“ያን የተቀባ ክፍል አሁን ምን ሊያደርገው ነው?” ብለው በልጄ በኩል መሳቅዎ ደርሶኛል። መልሱ ይኸውልዎ፦ በመንገዱ በኩል በር አስወጥቼለት ለፊውዝ ሰጥቼዋለሁ። ሬዲዮዎቹን እያስገባ ነው፤ ወንበርም ሁለት ሆኖለታል። አልጋውን ራሱ ፈታታልኝ፤ ብሎኖቹንም እንዳይጠፉ በከረጢት ቋጥሮ ከአልጋው እግር ጋር አሰረልኝ። ልጄ እንደሚያውቁት የምትኖረው በጤና ጣቢያው ግቢ ነው፤ ለእርሷ የሚጎድልባት የለም።

ደግሞ ሁለት ጥያቄ አለኝ። በምሥራቁ መስኮትዎ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ስንት ክንድ ይሆናል? ለክተው ለልጄ ይንገሩልኝ፤ ለማወቅ ያህል ነው። ከወንዙ ማዶ ያለችው ቤተ ክርስቲያንስ አሁንም ዜማ የሚያስተምር ሰው አላገኘችም? ይህም ለማወቅ ያህል ነው። ሦስት ዓመት በቆምሁበት ወዴት እንደዞርሁ ሳላውቅ ኖሬአለሁና፣ በእርጅናዬ ማወቅ አምሮኛል። ጭቃው እስኪደርቅ ጊዜ አለ፤ ቀስ ብለው ይለኩ።

እግዚአብሔር ለእግርዎ ብርታት፣ ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለሳቅዎም ዕድሜ ይስጥልኝ። የጠዋት ፀሐይ ከመደብዎ አይጥፋ።

ከጀርባዎ ሳይወርድ ያደገው
ታናሽ ወንድምዎ

ማስታወሻ፦ ልጄ ማኅደሩንም ትሰጥዎታለች። ክዳኑ ጫፉ ተቆርጧል፤ ክሩ ግን ዛሬም አልቀጠነም። ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ይስቀሉልኝ። ባዶውን ሲያዩ እንዳይደነግጡ፤ መጽሐፉን ያለ እኔ ለብቻው መላክ አልወደድሁም።