የለቅሶህ ቀን አልጠፋ ስላለችው ሞተርህ

አባየ፣

ካርቡሬተሯን ከፈትኋት። ካለህበት ሆነህ ስትሳደብ ይሰማኛል፤ ተሳደብ። አርባህ ከወጣ ሰነበተ፣ ጥምቀትም ያላንተ አለፈ፣ እስካሁን አንድ ብሎን አልነካሁብህም ነበር።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። እማየ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷን ግን አያማትም። የሞተር መጠገኛ ቤትህ እንደተዘጋ ነው። ሰው ግን ዛሬም ሞተሩን እየገፋ ይመጣል። አንድ የአምበር ሰው መጥቶ "የሉም" ስለው "የት ሄዱ?" አለኝ። "አርፈዋል" አልሁት። "ውይ! ታዲያ የኔን ፍሬን ማን ይሥራልኝ?" ብሎ ከልቡ አዘነ። እግዜር ያጽናህ እንኳ ሳይለኝ እየገፋ ሄደ። በሕይወት ኖረህ ብትሰማው በሳቅ ትሞት ነበር።

ልጄ ትርንጎ የእንስሳት ሐኪም ሆና ሮብ ገበያ ተመድባለች። ሞተሯን ይዛ እንድትሄድ ሆነ። አልጋህ ላይ ሆነህ፣ የንስሐ አባትህ ባሉበት "ሞተሯ ለትርንጎ ናት" ብለህ የለ? እኔ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ዞር ብለህ "ላንተማ ምን ልስጥህ? ሁለቱም እጅህ ግራ ነው" አልኸኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቄሱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

እንዲህ ነበርህ። ልጅ ሳለሁ ካቻቢቴ ባነሳ "አስቀምጥና ጭቃ አቡካ" ትለኝ ነበር። ሙያህን ከበሩ ቆሜ ነው ያየሁት። አንድ ቀን ብቻ ከኋላህ አፈናጥጠህ ደጀን ድረስ ወሰድኸኝ። ብርዱን ፈርቼ ፊቴን ኮትህ ውስጥ ቀብሬ ሄድሁ። የገደሉ አፋፍ ስንደርስ፣ ያኔም የማጥፊያ ቁልፏ ተበላሽቶ ስለነበር፣ መዳፍህን የአየር መሳቢያዋ ላይ ደፍነህ አጠፋሃትና "ያ ዓባይ ነው" አልኸኝ። ሌላ ምንም አላልህም። ሳትሰድበኝ የዋልህበት ቀን ስለሆነ አልረሳውም።

አሁን የለቅሶህን ቀን ልንገርህ፤ አንተ አላየኸው።

ከቀብር ተመልሰን ሜዳው ላይ ለቅሶ ቆምን። ወንድምህ፣ አጎቴ፣ መሀል ገብቶ "የአባቶቻችን ለቅሶ ፈረሳቸው ተጭኖ፣ ጠመንጃቸው ተነግቦ ነበር። ይህ ሰው ፈረስ የለው፤ ሞተሩን አውጡለት!" አለ። ወጣች። ኮርቻዋ ላይ ጋቢህን ደረቡላት። የአጎቴ ልጅ ወጣባትና አስነሣት። አንድ ዙር ቀስ ብሎ ዞረ። ከዚያ ሰው ፊት ሲደርስ አቁሞ፣ ማርሹን አውጥቶ፣ እንደ ፈረስ ሊያስጮኻት የነዳጅ መስጫውን ጭልጥ አድርጎ ጠመዘዘው። ጮኸች። እጁን ለቀቀ። እሷ አልለቀቀችም።

አባየ፣ እንዴት እንደጮኸች! ሜዳው ተናጋ። አጎቴ "አጥፋት! አጥፋት!" ይላል፣ ልጁ "በምን?" ይላል። መዳፍህ ተቀብሯል። ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። አልቃሿ እድሉን አላሳለፈችውም፦

ሰው ለሰው ቢያለቅስ ወጉ ነው ይባላል፣
ለዚህስ ጀግና ሰው ብረትም ያለቅሳል።

ያን ጊዜ አገሩ ቀለጠ። ላንተ እንባ ያልነበረው ሁሉ አለቀሰ፤ የሰደብኸው፣ ከመሥሪያህ ያባረርኸው፣ ሁሉም። በመጨረሻ ትርንጎ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ የካንዴላውን ገመድ ነቀለችው። ነጠላዋ በእንባ ርሶ ነበርና ኤሌክትሪኩ መትቶ ጣላት። ሞተሯ ጠፋች። አንዱ ከኋላ "አያቷ ቀጥተዋት ነው" ሲል ሰማሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማየ ሌላ ሰው ሆነች። ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ የምታወራው ይህንኑ ነው። "ሳይሰናበተኝ በእንቅልፉ ሄደ ብዬ ስቃጠል፣ ለካ ሜዳ ላይ ሊሰናበተኝ ኖሯል" ትላለች። ስትናገረው ፊቷ ይበራል። ዕድሜዋን ሙሉ ደግ ቃል ያልሰማችብህ ሴት፣ በሞተርህ ጩኸት ተጽናናች። ካርቡሬተሯን ልይ ባልሁ ቁጥር "የሱ እጅ የዘጋውን አትክፈት" እያለች በሩ ላይ ትቆማለች።

እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። የሮብ ገበያን ገደላ ገደል መንገድ ታውቀዋለህ። ቁልቁለቱ ላይ ልጄ እጇን ለቅቃ ሞተሯ ባትለቃትስ? ነገር ካልዘረዘርሁ አይሆንልኝምና ዘረዘርሁ፦ ገመዱ ውስጡ ተበጣጥሶ ይሆናል፤ ሞላው ደክሞ ይሆናል፤ ቆሞ የከረመ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ይሆናል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው ብረት ተጋግጦ ይሆናል፤ አንተም አልቅሰህ ይሆናል። የመጨረሻውን ከልቤ አስቀመጥሁት። ከበሩ ሳይ የኖርሁት ሌሎቹን ነው።

እማየ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከፈትሁት። ክዳኑን ፈትቼ ብረቱን ብስበው እንቢ አለ። እያወዛወዝሁ አወጣሁት። ዙሪያውን ቢጫ ነገር ጋግሮበታል። አሸተትሁት። ኮሰረት ኮሰረት ይላል።

ንጥር ቅቤ ነው፣ አባየ።

ቀና ስል እማየ በሩ ላይ ቆማለች። ጸሎቱ አልቆ ነው ወይስ ልቧ ነግሯት፣ አላውቅም። "ምንድን ነው እሱ?" አለች። ብረቱን አሳየኋት። "ቅቤው ነው?" አለች። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር ነገረችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ የነዳጅ መስጫውን ስታሽከረክር፣ በላይ በኩል ገመዱ ላይ ዘይት የምታንጠባጥብልህ እሷ ነበረች። አንተ ስትታመም ዘይቱ አለቀ። ገመዱ እንዳይደርቅብህ ቅቤ እያቀለጠች አንጠባጠበች። የቀብርህ ዕለት ጠዋትም አንጠባጥባለች። "ትናንትም አድርጌያለሁ፤ ለትርንጎም እንዲለሰልስላት" አለች።

ቅቤው ትኩስ ሆኖ በገመዱ ወርዷል፤ የደብረ ማርቆስ ውርጭ ደግሞ እዚያው አርግቶታል። ሞላው ደካማ ነው፤ ብረቱ ሲሰቀል መልሶ ማውረድ አልቻለም። ይኸው ነው።

"ታዲያ የለቅሶው ቀን…" ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ልዋሽላት አሰብሁ። "አይ፣ ያኔስ እሱ ነው" ብላት ደስ ብሏት ትገባ ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ቅቤዋን ታቀልጣለች። "ተዪ" ብላት ትተዋለች? እኔ ስነግራት ምን ሰምታ ታውቃለች? አንተ ግራ እጅ ያልኸኝን ሰው ማን ይሰማል? ስለዚህ እንዳትረሳው አድርጌ ነገርኋት። "አላለቀሰልሽም። ቅቤሽ ነው የጮኸው። አንድ ጠብታ ብትጨምሪ ልጄን ትገድይብኛለሽ" አልኋት።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ሥራዬን ቀጠልሁ። ብረቱንና የሚገባበትን ማቀፊያ በቤንዚን አጠብሁ፤ እንዳይጫር በጨርቅ ብቻ ወለወልሁ። ገመዱን በላምባ አጥቤ ቀጭን ዘይት ሰጠሁት። ደህና ሞላ መሥሪያህ ውስጥ ከወደቀች ሌላ ሞተር አውጥቼ ተካሁ። የማጥፊያ ቁልፏንም ቀየርሁላት። ስትነሣ ግን ነዳጅ ስትሰጣት እንደ ሽማግሌ እየሳለች ነበር የምትሄደው። ካንዴላዋ ጥላሸት ለብሷል። የደጋ አየር ስስ ነው፣ ነዳጁ በዝቶባታል ብዬ የካርቡሬተሯን መርፌ አንድ ጥርስ ዝቅ አደረግሁ። ከዚያ ወዲያ እጅ ሲነካት ትነሣለች፣ እጅ ሲለቅ ትወርዳለች። እንደ በፊቱ አይደለችም፤ ትበልጣለች። ስማኝ አባየ፣ አንተ ከሠራሃት ትበልጣለች።

ትርንጎ በሳምንቱ ሰኞ ሄደች። ስልክ እስክትደውል ድረስ አጥር ላይ ቆሜ ዋልሁ። "ደርሻለሁ አባ፣ እንደ ውሃ ነው የምትሄደው" አለች።

ለእማየ ልነግራት ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም ነበር። ትርንጎ በደህና ደረሰች አልኋት። "ተመስገን" አለች። ቆይታ ደግሞ ቀና ብላ ቁርጥ አድርጋ አየችኝ። "አባትህ የሞተ መስሎኝ ነበር" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ተዝካርህን ቄሶቹ በክርስትና ስምህ ያስቡታል። እኔ ግን በሱ አላስብህም። ካርቡሬተሯን በከፈትሁ ቁጥር፣ አፌንም በከፈትሁ ቁጥር አስብሃለሁ። አልረሳህም አባየ፤ እማየም አታስረሳኝም።

ልጅህ