በፊልም ወረፋ ስለተመደበው የእናቴ ንግግር

ቀን፦ ኤፕሪል 9 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.

ለስኮርሆልም ደሴት የጋራ ኢንተርኔት ማኅበር ሊቀመንበር
ለክብርት ወይዘሮ ራግና ሞልቪክ
ስኮርሆልም

ጉዳዩ፦ ከእናቴ ጋር የምነጋገርበት የቪዲዮ ጥሪ ከመዝናኛ መደብ ወጥቶ ከስልክ ጥሪ ጋር እንዲመደብልኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ጉንቮር ኦስሃይም የማኅበሩ አባል ነኝ። ከልደቴ ጀምሮ መስማት አልችልም፤ እናቴ ኦስታም እንዲሁ ናት። እሷ ከባሕሩ ማዶ በአረጋውያን መኖሪያ ስለምትገኝ፣ በየምሽቱ በቪዲዮ በምልክት ቋንቋ እናወራለን። ደቃቅ ጽሑፍ አይታያትም፤ እጄን ግን አጥርታ ታያለች። ሌላ መነጋገሪያ የለንም።

2. ባለፈው የመኸር ጉባኤ፣ ኢንተርኔት በሬዲዮ ሞገድ የሚያመጣልን አንዱ መስመር ስላልበቃ አጠቃቀሙ በመደብ እንዲከፋፈል ተወስኗል። ንግግር ይቅደም፣ መዝናኛ ይከተል ተባለ። እኔም ደግፌ እጄን አውጥቻለሁ፤ የእኔም ንግግር የሚቀድም መስሎኝ ነበር።

3. የማኅበሩን መሣሪያዎች የሚይዙት አቶ ስታይናር መስመሩን በሚያከፋፍለው ኮምፒውተር፣ በሊኑክስ ማሽኑ ላይ ደንቡን ሲጽፉ፣ ቪዲዮ የተባለ ሁሉ ዝቅተኛው መደብ ውስጥ ገባ። ለመደቡ የተሰጠው ፍጥነት ከማነሱ የተነሣ ማሽኑ ራሱ ድርሻው ትንሽ ነው እያለ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ሊደርስበት የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነትም ከተመደበለት ዝቅተኛ ፍጥነት ጋር እኩል ስለሆነ፣ መስመሩ ባዶ በሆነ ጊዜ እንኳ ከሌላው የተረፈውን መበደር አይፈቀድለትም። ቤታቸው ሄጄ ብለምናቸው በስልካቸው ላይ ጽፈው አሳዩኝ፦ «ጉንቮርዬ፣ ማሽኑ እናትሽን ከፊልም አይለያትም እኮ። እኔ በራሴ ባላላው ደግሞ ማታ ኳስ የሚያዩት ቤቴን ያፈርሱታል። ጉባኤው ይበል ብቻ፣ ቡናዬን ሳልጨርስ እሠራልሻለሁ።» ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓሣ ሲቀናቸው ለእኔም ያመጣሉ። ጉባኤው ግን እስከ መኸር አይሰበሰብም።

4. የብርዱን ወራት ሁሉ የእናቴ እጅ አየር ላይ እየቆመ ቀረ። አንድ ነገር ትጀምራለች፣ ምስሉ ይደርቃል፣ ሲመለስ ሌላ ወሬ ላይ ናት። እኔም «ደግሞ ይሄ መስመር!» እያልኩ ስታይናርን ሳማ ከረምኩ።

5. በፋሲካ ሰሞን በማዕበሉ ምክንያት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ማሽኑ ደንቡን ሳይጭን ተነሣ። ስታይናር ባሕር ላይ ስለነበሩ ማንም አላወቀም። በዚያ ምሽት ገደቡ ስላልነበረ ምስሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እናቴ ስለ አባቴ ጀልባ ማውራት ጀመረችና እጇ ደረቷ ፊት ቆመ። እንደ ልማዴ መስመሩ እስኪለቅ ጠበቅሁ። ከኋላዋ ግን መጋረጃው ይወዛወዝ ነበር፤ ዓይኗም ይርገበገብ ነበር። ቃሉ ጠፍቷት ነው የቆመችው።

6. አሁን ደንቡ ተመልሷል። የመኖሪያው ሐኪም መርሳት የጀመራት ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠይቀውኛል። የብርዱን ወራት ሁሉ እሷ ስትረሳ እኔ መስመሩን ስከስስ ነበር።

7. ስለሆነም ጥሪያችን ወደ ንግግር መደብ እንዲገባልኝ፣ ይህ የጉባኤውን ውሳኔ የሚጠብቅ ከሆነም እስከዚያው ቢያንስ ከሌላው የተረፈውን እንዲበደር እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የኳሱ ሰዎች እንዲጎዱ አልፈልግም። ዛሬ ማታም እጇ ይቆማል፤ ቃሉን ላስታውሳት ወይስ ልጠብቅ፣ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ጉንቮር ኦስሃይም
(ፊርማ)