የፀጉር አስተካካዩ ታፔላ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ አባዬ? ጉልበትህስ እንዴት ነው፣ ብርዱ በረታበት ወይስ ለቀቅ አደረገህ? ዓይንህስ ይህን የተንጋደደ ጽሑፌን ለማንበብ እሺ ይልሃል? እኔም ባለቤቴም እናንተን ከማጣት በቀር የጎደለብን የለም።

አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ አንብብ። ባለፈው እሁድ ከአማችህ ጀርባ፣ ሞተር ላይ ተቀምጬ ተራራውን ተሻገርኩ። አትቆጣ፣ ሄልሜት አድርጌያለሁ። ጠመዝማዛውን ስንጀምር ጃኬቱን ጨምድጄ ይዤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። እሱ ደግሞ «መተንፈስ አቃተኝ፣ ላላ አድርጊኝ» ይለኛል። ጫፍ ላይ ደርሰን ጉሙ ከእግራችን በታች ተኝቶ ሳየው ግን ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ፤ ቁልቁለቱን እየዘፈንኩ ወረድኩ።

የሄድንባት ከተማ ሆን ብላ ያረጀች ናት። ጎብኚው የሚመጣው የድሮውን ለማየት ስለሆነ፣ ፎቶ አንሺው እንኳ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያነሳህ። ታፔላዎቹም በእጅ የተጻፉ ይመስላሉ። እኔ ደግሞ ያንተ ልጅ አይደለሁ? ታፔላ ሳልዳስስ ማለፍ መቼ ለመደብኝ። ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ቆሜ፣ እንዳስተማርከኝ የቀለሙን ውፍረት ለማየት በጥፍሬ ጫር ባደርገው፣ ለካ ስቲከር ኖሮ የመጀመሪያው ፊደል ተልጦ እጄ ላይ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩም ማበጠሪያውን እንደያዘ ብቅ አለ። እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። አማችህ ይሄኔ ሞተሩን ማስነሳት ጀምሯል።

ሰውየው ግን አልተቆጣም። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አባቴ ታፔላ ጻፊ ነው፣ እውነተኛ ቀለም መስሎኝ ነው» አልኩት። «ዛሬም በእጁ ይጽፋል?» አለኝ።

አባዬ፣ ይህ ጥያቄ አንጀቴን በላው። ማተሚያ ቤቶቹ ሥራህን ከወሰዱብህ ወዲህ፣ ብሩሾችህን ሳጥን ውስጥ ቆልፈህ ደጃፍ ላይ ተቀምጠህ እንደምትውል እማዬ ነግራኛለች። እኔ ግን ሳላመነታ «ይጽፋል» አልኩት። እሱም «እንግዲያው ይምጣና የኔን ይጻፍልኝ» ብሎ ስልክ ቁጥሬን ያዘ። እንግዲህ ወይ ና፣ ወይ ልጅህን ውሸታም አድርጋት። አማችህ ከአውቶቡስ ጣቢያው ይቀበልሃል፤ ተራራውንም እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ሊያሻግርህ ምሎልኛል።

እማዬን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ብሩሾቹን በጋዝ ዘፍዝፋ ታለስልሳቸው። ለታናሽ እህቴ ፈተናዋን ማለፏን ሰምቼ ብቻዬን እልል ማለቴን ንገርልኝ። አክስቴንም ሰላም በልልኝ፤ ሞተር ላይ መውጣቴን ግን እንዳትነግራት፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ፀጉር አስተካካዩ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ስቲከሩን ጨርሶ ልጦ፣ ታፔላውን ነጭ ቀብቶ ባዶውን መልሶ ሰቅሎታል። ጎብኚዎቹ ይህ ስም የሌለው ቤት ምንድን ነው እያሉ ይጠይቁታል አሉ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጸሐፊው እየመጣ ነው።»

የምትወድህ ትልቋ ልጅህ

ከልብስ ሰፊው ቤት በላይ ካለችው ክፍላችን
ሚያዝያ 14 ቀን