አሻራህን ያላነበበው ማሽን

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ እህቴ እንዳታነብልህ። መነጽርህን አድርገህ፣ ቀስ እያልክ ራስህ አንብበው። ብደውልልህ ኖሮ "ተይው ባክሽ፣ ያለፈ ነገር ነው" ብለህ ወሬ ትቀይር ነበር፤ እኔም ደስ እያለኝ እከተልህ ነበር።

ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ የድምፅ መስጫ ማሽን የሚያቀርበውን ድርጅት የሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ እንደነበርኩ ታውቃለህ። የማታውቀው ምን ያህል ታክቶኝ እንደነበር ነው። ሰባት ወር ሙሉ ስብሰባ! አንዱ ሰነድ ሲጎድለው፣ ሌላው ማህተም ሲጎድለው፣ በመጨረሻ ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀሩ። የአንደኛው ማሽን ፈጣን ነው፤ መራጩ ጣቱን ሲያስነካው አሻራውን አንብቦ ይከፈትለታል። የሌላው ዘገምተኛ ነው፤ መራጩን የሚለየው መዝገብ የያዘ ሰው ነው፣ ዕቃው የሚደርሰውም ምርጫው ሊገባ ሲል ነው። የሁላችንም ልብ ወደ ፈጣኑ አዘንብሎ ነበር። የኔማ አይወራ። ፈርሜ በተገላገልኩ እያልኩ ነበር የምውለው።

የቀረን ማሽኑን በነዋሪዎች መሞከር ብቻ ነበር። ማስታወቂያ ለጥፈን ስልሳ ሰው ጠራን። አንተ እንደምትመጣ ግን አልነገርከኝም። ከወረቀቴ ቀና ስል ሰልፉ ውስጥ አየሁህ፤ ያንን ክርኑ ላይ ኖራ የደረቀበትን ጃኬት ለብሰሃል። "ልጄ ሰው ስትመራ ልይ ብሎ እኮ ነው የሄደው" አለችኝ እህቴ፣ ኋላ። ያኔ አላወቅኩም። ያኔ የታየኝ ጃኬቱ ብቻ ነው።

ተራህ ደረሰ።

"አባት፣ እስቲ ጣትዎን እዚህ ጋ ያስነኩ" አልኩህ።

ለማላውቀው ሽማግሌ እንደምናገረው። ዓይኔን አየት አደረግክና "እሺ እመቤቴ" አልክ፤ አንተም ለማታውቃት ባለሥልጣን እንደምትመልሰው። ሳትጠየቅ ሸፈንክልኝ።

ቀይ መብራት በራ። ደገምክ፣ ቀይ። ሠለስክ፣ ቀይ። የድርጅቱ ወኪል፣ ያ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚገባው ሰውዬ፣ ጠጋ ብሎ "እጅዎን ታጥበዋል ግን?" አለህ።

"ኧረ ሁለቴ ታጥቤያለሁ፣ የኔ ልጅ። አርባ ዓመት ድንጋይ ስጠርብ አሻራዬን እዚያው ትቼው መጥቼ ይሆናል። ግንቡን ጠይቁት" ብለህ ሳቅክ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወኪሉ ጣትህን በአልኮል ፈትጎ፣ ራሱ ይዞ ማሽኑ ላይ ተጫነው፤ የሰው እጅ ሳይሆን የተበላሸ ቁልፍ የያዘ ነበር የሚመስለው። አሁንም ቀይ። ወረቀቴ ላይ "አላነበበም" ብዬ ጻፍኩና "እናመሰግናለን አባት። ቀጣይ!" አልኩ።

ቤት ስገባ "ደከመሽ?" አልከኝ። ሌላ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን "አየር ልቀይር" ብለህ ሻንጣህን ይዘህ እህቴ ጋ ሄድክ።

ከስልሳው ሰው ማሽኑ ያላወቃቸው አራት ናቸው፦ አንተ፣ አንዲት ልብስ አጣቢ፣ አንድ በያጅና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ወኪሉ "አራት ሰው ምን አላት? ጣታቸው ነው እንጂ ማሽኑ ጤነኛ ነው" አለ። አባላቱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ከወጣ በኋላ ቃለ ጉባኤው ፊቴ ተቀመጠ።

አልዋሽህም፣ እስክሪብቶዬን አንስቼ ጀምሬ ነበር። የራሴን ስም ጻፍኩ። ከሱ ቀጥሎ የሚጻፈው ያንተ ስም ነው። እጄ አልሄድ አለኝ።

"ከአራቱ አንዱ አባቴ ነው" አልኩ።

ምክትሌ፣ ከስንት አንዴ የምትናገረዋ ሴትዮ፣ "ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገርሽም?" አለችኝ። እስክሪብቶዬን ቃለ ጉባኤው ላይ አስቀመጥኩ።

ወሬው ወጣ። ድርጅቱ አድልታለች ብሎ ከሰሰኝና ከኮሚቴው ተነሳሁ። የቀሩት አራቱ የኮሚቴ አባላት ተቀምጠው ያንኑ ፈጣን ማሽን መረጡ። ምክትሌ ግን ሙጭጭ ብላ አንድ ነገር አስገብታለች፦ በየጣቢያው መዝገብ የያዘ ሰውና የወረቀት ድምፅ መስጫ ይኖራል፤ ማሽኑ አላውቀውም ያለው ሰው በወረቀት ይመርጣል። ያለዚያ አልፈርምም አለቻቸው። ትልቅ ድል ነው ብዬ አላጋንንልህም። ብቻ ማንም ከበር አይመለስም።

እኔ አሁን መዝገብ ቤት ነኝ። አቧራ እንጂ ጭቅጭቅ የለም። ድካሙ ግን አልለቀቀኝም፤ ለካ የስብሰባው ብቻ አልነበረም።

የምክትሌን ጥያቄ እስካሁን ይዤው እዞራለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ "ፈርቼ ነው፣ ዝምድና አለ እንዳይባል ብዬ ነው" እላለሁ። ሰውም ያምነኛል። ደንቡን ግን አገላብጬ አንብቤዋለሁ፤ አባት ለሙከራ እንዳይመጣ የሚከለክል አንድ መስመር የለውም። ያኔም አውቀው ነበር። ፈርቼ አይደለም፣ አባዬ። አፍሬብህ ነው።

ይኸው፣ ጻፍኩት። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ይቅርታውን ፊትህ ቆሜ እጠይቅሃለሁ እንጂ በወረቀት አልልክልህም። እስከዚያው ጉልበትህን ብርድ እንዳያገኘው።

ልጅህ